የተዘጋ ቤት ግብር

ዑምኩልሱም ኑርዬ ግብሬን ልክፈል ብላ ሰው ማስቸገር የጀመረችው በታሰረች በዘጠነኛው ወር ነው። ሰኔ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል። ደሴ ላይ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ የማረሚያ ቤቱ ግቢ ጭቃ ሆኗል፣ ሴቶቹ ታራሚዎች በየአልጋቸው ላይ ተኮራምተው ዳንቴል ይሠራሉ። አንዷ ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻትና ከዜናው ቀጥሎ ማስታወቂያ መጣ። የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች ከሐምሌ አንድ እስከ ሐምሌ ሠላሳ ቀርበው ገቢያቸውን አሳውቀው እንዲከፍሉ፣ ያልከፈለ ቅጣት እንደሚጠብቀው፣ ንግድ ፈቃዱም እንደማይታደስ የሚናገር ነበር። ዑምኩልሱም ኪሮሹን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"እኔ ደረጃ ሐ ነኝ" አለች።

እማማ ቢያድግልኝ ብቻ ቀና ብለው አዩዋት። እማማ ቢያድግልኝ ከግሸን ግርጌ የመጡ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ በድንበር ጠብ የጎረቤታቸውን ቤት አቃጥለው ነው የተፈረደባቸው። የክፍሉ ዳኛም፣ መካሪም፣ አጫዋችም እሳቸው ነበሩ።

"መንግሥት ለኛ ቀለብ እየሰፈረ፣ እኛ ደግሞ ለሱ ግብር እንስፈርለት?" አሉና ክፍሉን ሁሉ አሳቁት። ዑምኩልሱም አብራ ሳቀች። ሐሳቧ ግን ያን ጊዜ ሐይቅ ከተማ ደርሶ ነበር።

አሳ ቤቷ ሐይቅ ላይ፣ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ከዓረብ አገር ለተመለሱ ልጆች ካከራያቸው የቆርቆሮ ሼዶች አንዱ። ኩዌት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ሪታጅ የምትባል የሰው ልጅ ከአራስነቷ ጀምራ አሳድጋ ነው የተመለሰችው። ቤቱንም ሪታጅ አሳ ቤት አለችው፤ ብዙ ሰው የልጇ ስም ይመስለዋል። ጠዋት ጠዋት በታንኳ የወጣውን፣ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ከአስጋሪዎቹ እጅ ትረከባለች፣ አጽድታ በቢላ ትተለትለዋለች፣ ረፋዱ ላይ የደሴና የወልድያ መንገደኛ ይሞላላታል። በመስከረም የግሸን ማርያም ተሳላሚዎች አውቶቡስ በላይ በላዩ ሲያልፍማ ሦስት ቀን ሙሉ ቆማ ትውል ነበር። በተከፈተ በሁለተኛ ዓመቱ የሐይቅን አሳ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እሷንም ያውቃት ጀመር።

ያ ቤት ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን ተዘጋ። የገበያ ቀን ነበርና መቀመጫ ጠፍቷል። ሙሐዲን የሚባል የአምባሰል ልጅ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ያዘዘው አሳ ዘገየበትና ተቆጣ። እሷም ተራህን ጠብቅ አለችው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም የአንድ ቀን ጭቅጭቅ ነበር። ሙሐዲን ግን ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ "ይሄን ቤት የከፈተችው ኩዌት ምን ሸጣ እንደሆነ ማን ያውቃል" አለ። ሰው ሳቀ። ዑምኩልሱም ከመጥበሻው አሳ የምታወጣበትን ረጅም ጭልፋ፣ የፈላ ዘይት እንደሞላ፣ በእጇ ይዛው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አጥርታ አታስታውሰውም፤ የምታስታውሰው የሰውየውን ጩኸት ነው። ዘይቱ ፊቱንና አንገቱን ላጠው፣ የቀኝ ዓይኑም ብርሃን ጠፋ።

ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደባት። ይግባኝ በይ ያሏት ብዙ ነበሩ። እሷ ግን ዓይኑን የሚመልስለት ይግባኝ ካለ ንገሩኝ ብላ ዝም አሰኘቻቸው።

ቤቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው። ኪራዩን ታናሽ እህቷ ረቢያ፣ የሕፃናት አስተማሪዋ፣ ከደሞዟ እየቆረጠች ትከፍላለች። ዑምኩልሱም ሬዲዮውን የሰማች ዕለት የገባት ይህ ነው፦ ግብር ካልተከፈለ ፈቃዱ አይታደስም፤ ፈቃዱ ካልታደሰ ማዘጋጃ ቤቱ ሼዱን ለተረኛ ይሰጣል። ከእስር ስትወጣ የሚጠብቃት ነገር ቢኖር ያ በር ብቻ ነው። እሱም ከሄደ ያለፈው ሰባት ዓመት ውኃ በላው ማለት ነው፤ ሌላ ሰባት ዓመት ደግሞ የላትም።

በማግስቱ የታራሚዎችን ጉዳይ ወደሚከታተሉት ወደ ኢንስፔክተር አስረስ ቀረበች። አስረስ ጎልማሳ ናቸው፤ ታራሚ ሲያናግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ነው የሚሰሙት። ጉዳይዋን ስትነግራቸው መጀመሪያ በደንብ የሰሙ አልመሰላቸውም። ለይቅርታ ማመልከቻ የሚጠይቅ አለ፣ ለሕክምና የሚጠይቅ አለ፣ እናቴ ሞተች ለቀብር ፍቀዱልኝ የሚል አለ። በዚህ ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ሲሠሩ ግብር ልክፈል ብሎ የመጣ ታራሚ ግን አጋጥሟቸው አያውቅም።

"ክፈይ ብሎ የጠየቀሽ አለ?" አሏት።

"ማንም አልጠየቀኝም። ግን ነጋዴ ነኝ፣ ጌታዬ። እስረኛ ብሆንም ስሜ ከመዝገቡ አልተፋቀም።"

አስረስ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ስልክ ደወሉ። ከሁለት ሦስት ቢሮ ጠይቀው መንገዱን አገኙላት። ውክልና መስጠት ትችላለች፤ ውክልና የሚያረጋግጥ ባለሙያ ረቡዕ ረቡዕ ወደ ማረሚያ ቤቱ ይመጣል። ሐምሌ ሁለት ቀን፣ ረቡዕ፣ ዑምኩልሱም ረቢያን ወከለቻት። ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የፈረመችው የፖሊስ ቃል መስጫ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ረቢያ ቅጹን ይዛ መጣች። የጠያቂው ስፍራ በሁለት ሽቦ የተከፈለ ዳስ ነው፤ ጠያቂና ተጠያቂ በመካከሉ ባለው ክፍት ቦታ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወራሉ። ረቢያ ከወዲያ እያነበበች፣ ዑምኩልሱም ከወዲህ እየመለሰች ቅጹን ሞሉት። የሠራሁባቸው ወራት ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ከጥቅምትም ሃያ ሦስት ቀን ነው አለች። የቀን ሽያጩ ጋ ሲደርሱ ረቢያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የመስከረሙን፣ የግሸን ተሳላሚ የበዛበትን ሦስት ቀን፣ እንደ ሌላው ቀን አድርጋ ልትሞላው ፈለገች። ማን ያየዋል አለች፤ አሳው ተበልቷል፣ ሰዉም ሄዷል።

"የሆነውን ጻፊ" አለቻት ዑምኩልሱም።

ረቢያ ተከራከረች። ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ የምትከፍለው ኪራይ አጥንቷን ጨርሶታል፤ አንድ ብር እንኳ ቢቀንስ ለሷ ብዙ ነው። ዑምኩልሱም ይህን ታውቃለች፤ ዳንቴል ሸጣ ያጠራቀመቻትን ለግብሩ እንደምትሰጣት ነገረቻት። "በስሜ የተጻፈ አንድ መጥፎ ነገር አለ፣ ረቢያ። እሱ አይፋቅም። ሁለተኛ አታስጨምሪኝ" አለቻት። ረቢያ እንደተባለችው ጻፈች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጣው ወሬ ግን ጥሩ አልነበረም። የገቢዎች ቢሮው የዑምኩልሱምን ቅጽ ተቀብሏል፤ የተተመነው ግብር ግን የዓመቱ ሙሉ ነው። ሥራ ያቆመ ነጋዴ ማቆሙን በጊዜው ማሳወቅ ነበረበት፤ ካላሳወቀ ሲሠራ እንደቆየ ይቆጠራል። ረቢያ የፍርዱን ግልባጭ አውጥታ አሳየች። የቢሮው ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንብቦ በሐዘን አንገቱን ነቀነቀ። ባለቤቷ መታሰሯን እንጂ ቤቱ መዘጋቱን አያስረዳም አላት። ባለቤቱ ታስሮ ቤቱ የሚሠራ ስንት አለ። በዚያ ላይ የገማቾቹ ኮሚቴ በየካቲት ሲዞር በረንዳው ላይ ጭስ አይቶ መዝግቧል። ስለዚህ ቤቱ ከጥቅምት ጀምሮ ዝግ እንደነበር ሦስት የአካባቢው ሰዎች በቀበሌ ቀርበው ይመስክሩ፤ ቀበሌው ደብዳቤ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ የሠራችበት ብቻ ይታሰባል።

"ሦስት ሰው ሐይቅ ላይ ይጠፋል?" አለች ዑምኩልሱም።

አይጠፋም ነበር። ግን ጉዳዩ እንደታሰበው አልሄደም። አቶ አራጋው፣ አጠገቧ ያለው ሼድ ውስጥ መረብና ገመድ የሚሸጡት ሽማግሌ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ እመሰክራለሁ አሉ። ሁለተኛዋ መስኡዳ ነበረች፤ ሁለት ልጆች ይዛ ከባሏ የተለየች ጎረቤት። እሷ ግን ረቢያን ስታይ ማልቀስ ጀመረች። በረንዳው ላይ የታየው ጭስ የሷ ነው። ቤቱ ሲዘጋ፣ ከዝናብና ከፀሐይ ልጠለል ብላ፣ ከዑምኩልሱም በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ለባጃጅ ሹፌሮች ሻይ ትሸጥ ነበር። ፈቃድ የላትም። መስክሪ ከተባለች ጭሱ የማን ነው ይሏታል፣ የኔ ነው ካለች ደግሞ እሷም ትጠየቃለች። ሌሎቹ ጎረቤቶች መስኡዳን ላለማጋለጥ ሲሉ ከነገሩ ሸሹ። አላየንም፣ ልብ አላልንም አሉ።

ረቢያ ይህን ሁሉ የነገረቻት ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። በንዴት ፊቷ ቀልቷል፤ መስኡዳን ራሷ ለቀበሌው ልትናገርባት ነው። ዑምኩልሱም ግን ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ ከለከለቻት። ሁለት ልጅ በሻይ የምታሳድግ ሴት ናት፤ በረንዳው ባዶውን ከሚቀር እሷ መጠለሏ ምን ክፋት አለው፤ ተያት፣ አታስጨንቂያት አለች።

"እንግዲያው ሌላ ሰው አለ" አለች ረቢያ። "ሙሐዲን እመሰክራለሁ ብሏል።"

ዑምኩልሱም በትክክል የሰማች አልመሰላትም።

ረቢያ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረቻት። ከቀበሌ ባዶ እጇን ተመልሳ፣ ደክሟት ከተዘጋው ቤት በር ላይ ተቀምጣ ሳለ ሙሐዲን መጣ። ዓመቱን ሙሉ ስታየው ፊቷን አዙራ ነበር የምታልፈው። ሙሐዲን በአንድ ዓይኑ መንጃ ፈቃድ ስለማይታደስለት ባጃጁን ትቶ ተራ አስከባሪ ሆኗል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያው በር ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚውለው። ምን ጎደላችሁ አላት። ከማፈሯ የተነሳ የተፈጠረውን ሁሉ ዘረገፈችለት። እሱም፣ "አንዱ ምስክር እኔ ልሁን። ያ ቤት የተዘጋበትን ቀን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም" አላት።

"አይሆንም" አለች ዑምኩልሱም።

"እትዬ፣ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረን።"

"አይሆንም አልኩሽ። ዓይኑን አጥፍቼ ምስክሬ ላደርገው? ሼዱ ይቅር። ለፈለጉት ይስጡት።"

ረቢያ ሳትሰናበታት ሄደች። ዑምኩልሱም ወደ ክፍሏ ተመልሳ ግድግዳው ላይ ፊቷን አዙራ ተኛች። እራት አልበላችም። በማግስቱ እማማ ቢያድግልኝ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። ነገሩን ከአፏ እስኪያወጡት ድረስ ብዙ ታገሏት። ሲሰሙ አልሳቁም፤ አልቀለዱም።

"እኔ ቤቱን ያቃጠልኩበት ሰውዬ" አሉ እማማ ቢያድግልኝ፣ "አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቃል ቢናገረኝ ብዬ ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። ስድብም ቢሆን። አልመጣም። ያንቺው መጥቶልሻል፣ አንቺ ደግሞ በር ትዘጊበታለሽ።"

ያን ሳምንት ዑምኩልሱም ሶላቷን ስትሰግድ ሐሳቧ እየበረረ የረከዓው ቁጥር ይሳሳትባት ነበር። አንዳንዴ ሰው ልላክበትና እሺ ልበል ትላለች፤ ከዚያ ጩኸቱ ጆሮዋ ላይ ይመጣና እንደገና ትተወዋለች። በዚህ መካከል ሐምሌ ሃያ ስድስት ደረሰ።

ያን ቅዳሜ ስሟ ሲጠራ ረቢያ ብቻዋን የመጣች መስሏት ነው የወጣችው። ከሽቦው ወዲያ ግን ከእህቷ አጠገብ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሟል። ፊቱን ሳታይ አንገቱን አየች። የቆዳው ቀለም ከጆሮው ሥር እስከ ኮሌታው ድረስ ተለውጧል። የሽቦውን ምሰሶ ያዘች።

"ቁጭ በይ" አላት ሙሐዲን። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

"እህትሽ ምስክርነትህን አልፈለገችውም ስላለችኝ ከራስሽ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት" አለ።

"በምን ዓይኔ..." ብላ ጀመረችና ቃሉ አፏ ላይ ደርቆ ቀረ። ሁልጊዜ የምትለው፣ ሰው ሁሉ የሚለው አባባል ነው፤ ለሱ ግን ሊባል የማይገባ ነበር። አንገቷን ደፋች። ሙሐዲን እንዳልሰማ ሆነ።

"ለአንቺ ውለታ ልዋል ብዬ እንዳይመስልሽ" አለ። "ዓመቱን ሙሉ በርሽ ፊት ለፊት ነው የቆምኩት። ሲከፈት አላየሁም። አላየሁም ብዬ ብናገር እውነት ነው፤ ዝም ብል ግን የማውቀውን ነገር መካድ ነው። እኔ ሶላት እሰግዳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ እውነቱን ከመናገር ሌላ ምን አለኝ?"

ዑምኩልሱም ሳታስበው እንባዋ ወረደ። "አውፍ በለኝ፣ ሙሐዲን" አለችው። በፍርድ ቤት፣ በፖሊስ ጣቢያ፣ በሽማግሌ ልካ ስንት ጊዜ ያለችው ቃል ነው፤ ፊት ለፊት ስትለው ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ከጎናቸው ሌላ ጠያቂ ስለ በሬ ሽያጭ ጮክ ብሎ ያወራል። ሙሐዲን፣ "እሱን ዛሬ አትጠይቂኝ" አላት። "አንዳንድ ቀን ይቅር ያልኩሽ ይመስለኛል። በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ደግሞ ይጠፋብኛል። ልዋሽሽ አልፈልግም።"

"እሺ" አለች።

"እኔም የተናገርኩት አለ። ፍርድ ቤት ቃሉ ሲነበብ እናቴ ተቀምጣ ነበር። ቤት ገብተን ቁስሌን እያጠበችልኝ፣ ይሄን በሰው ልጅ ላይ ተናግረሃል ወይ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንስታብኝ አታውቅም። ባታነሳውም ግን እኔ አልረሳሁትም።"

ዑምኩልሱም ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። "ኩዌት የሸጥኩት እንቅልፌን ነው" አለችው።

"አውቃለሁ" አለ ሙሐዲን። "እህቴ ሪያድ ናት።"

ከዚህ በኋላ ብዙ አላወሩም። ሙሐዲን ሰኞ ቀበሌ እንደሚሄድ ለረቢያ ነገራት፣ ለዑምኩልሱም "አብሽሪ" አላትና ኮፍያውን አስተካክሎ ወጣ። ዑምኩልሱም እስኪጠፋ ድረስ ተከትላ አየችው። ሲራመድ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጋል፤ በማያይበት በኩል ሰው እንዳይገጨው ነው።

ሰኞ ዕለት በቀበሌው የሆነውን የነገራት ኢንስፔክተር አስረስ ናቸው፤ ረቢያ ደውላላቸው ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሙሐዲንን ሲያየው ተደናገረ። አንተ የተጎዳኸው አይደለህም ወይ አለው። ነኝ አለ። ታዲያ ለሷ ትመሰክራለህ ሲለው፣ በአንድ ዓይንም ቢሆን የተዘጋ በር ይታያል ብሎ መለሰለት። ቃሉም ተጻፈ፣ አቶ አራጋውም ፈረሙ። ሦስተኛ ምስክር ግን አልተገኘም፤ የጭሱም ነገር ገና አልተፈታም ነበር። ይሄኔ መስኡዳ ታናሹን ልጇን አዝላ ገባች። ሙሐዲን ሊመሰክር ሲሄድ ከበረንዳው ላይ አይታው ነበር። እሱ ያን ያህል ከታገሠ እኔ በምን አፌ ዝም እላለሁ አለችና ጭሱ የሷ እንደሆነ፣ አሳ ቤቱ ግን አንድም ቀን እንዳልተከፈተ ተናገረች። ሦስተኛዋ ፈራሚም እሷ ሆነች፤ ሙሐዲን ሁለተኛ። የሻይ ፈቃድ እስከ መስከረም እንድታወጣ ተነግሯት ሄደች፤ የፈራችውን ያህል አልሆነባትም።

ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ቀን ግብሩ ለሦስት ወር ከሃያ ሦስት ቀን ብቻ ተሠላ። ማቆሟን ባለማሳወቋ የተጣለባት ቅጣት አልቀረላትም፤ እሱንም ከፈለች። የዳንቴሉ ገንዘብ ስላልበቃ ረቢያ ከደሞዟ ጨመረች። ሼዱ ላይ ለጊዜው ንግድ ማቆሟ ተመዘገበ፣ ፈቃዱም በስሟ እንዳለ ቀረ።

ደረሰኙን አስረስ ራሳቸው ወደ ሴቶቹ ክልል አመጡላት። ትንሽ ወረቀት ናት፤ ማኅተሟ ግማሹ አልታተመም። ዑምኩልሱም አጣጥፋ ልታስቀምጣት ስትል እማማ ቢያድግልኝ አንብቢልኝ አሏት። ስሟን፣ የግብር ከፋይ ቁጥሯን፣ የሥራውን ዓይነት አነበበችላቸው። ሌሎቹ ሴቶች ወደ ዳንቴላቸው ሲመለሱ እማማ ቢያድግልኝ ጠጋ አሉና በጆሮዋ፣ "የኔም መሬት ግብር አለበት። ከታሰርኩ ወዲህ የከፈለልኝ የለም። ያልገበሩበት መሬት የኔ ነው ብዬ ብናገር ማን ያምነኛል? ለኔም ወረቀት ትጽፊልኛለሽ?" አሏት።

ጻፈችላቸው። ውጫሌ ያለ የእህታቸው ልጅ ተወክሎ የስድስት ዓመቱን ገበረላቸው። ከሳቸው ቀጥሎ ሌላ ሴት መጣች፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ደግሞ ከወንዶቹ ክልል በአስረስ በኩል ጥያቄ ይላክላት ጀመር። ዑምኩልሱም አዋቂ አልነበረችም፤ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች፣ ረቡዕ የሚመጣውን ባለሙያ ጠይቃ ትመልሳለች። ኢንስፔክተር አስረስ አንድ አሮጌ ጠረጴዛ ሰጧት።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታስራ በአመክሮ ስትፈታ የካቲት ነበር። ሐይቅ በደረሰች በሳምንቷ አባቷ ኑርዬና ሁለት ሽማግሌዎች ይዘዋት ወደ አምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ወዳለው ወደ ሙሐዲን እናት ቤት ወጡ። አቶ አራጋውም ክርስቲያን ቢሆኑም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። ዱዓ ተደረገ። ሙሐዲን ሽማግሌዎቹ እስኪጠይቁት ሳይጠብቅ፣ "አውፍ ብያለሁ" አለ። ዑምኩልሱም እናቱን ጉልበታቸውን ልትስም ስትጎነበስ ክንዷን ይዘው አነሷት፤ ተቀመጪ ልጄ፣ ሽቅብ ወጥተሽ ደክሞሻል አሏት።

ቤቱን በመጋቢት ከፈተችው። ዝገቱን ፈቅፍቃ በሩን ሰማያዊ ቀባችው፤ መስኡዳም በፈቃድ ሻይዋን እዚያው በረንዳ ላይ ትሸጣለች። ሐምሌ ሲገባ ዑምኩልሱም በገዛ እግሯ ወደ ቢሮው ሄዳ ረጅሙን ሰልፍ ቆመች። ከፊቷ ያለው ነጋዴ ይሄ ግብር የሚሉት ነገር ሊገድለን ነው ብሎ ሲያማርርላት ፈገግ አለች።

ሙሐዲን እስከ ዛሬ ቤቷ ገብቶ አልበላም። አንድ ሁለቴ በሰው ልካበት አመሰግናለሁ ብሎ ቀርቷል፤ እሷም ከዚያ በኋላ አላስቸገረችውም። ይቅርታው እውነት እንደሆነ ታውቃለች፤ የዘይቱ ሽታ ግን ምን እንደሚያደርገው ደግሞ ልትጠይቀው አትደፍርም። አንዳንድ ቀን ከመጥበሻው ቀና ስትል ከመንገዱ ማዶ ታየዋለች። አሳ የት ይገኛል ብሎ የሚጠይቀው መንገደኛ ሲመጣ በእጁ ወደ ሰማያዊው በር ይጠቁመዋል፤ ከዚያ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ቀጣዩን ባጃጅ ይጠራል።